ራሱን የሚታዘብ ተራ አስከባሪ

ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. እሑድ ነበር። በአዲስ አበባ ሰዓት ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ላይ፣ «ንስር» የተባለችው መንኮራኩር ኒል አርምስትሮንግንና በዝ ኦልድሪንን ይዛ ወደ ጨረቃ ትወርዳለች። ወለሉ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራት የኮምፒውተሯ ማስጠንቀቂያ በራ። በትንሿ መስኮት ላይ አራት አሃዞች ተደረደሩ፤ 1202።

ከሁለቱ ጠፈርተኞች አንዱም የቁጥሩን ትርጉም አያውቅም። አርምስትሮንግ በዚያ ረጋ ባለ ድምፁ፣ ግን ፈጠን ብሎ፣ ምን ማለት እንደሆነ እንዲነግሩት ጠየቀ። ሂዩስተን ባለው የበረራ መቆጣጠሪያ መልስ የሚጠበቀው ከ26 ዓመቱ ስቲቭ ቤልስ ነበር። ከጀርባ ክፍል የሚያግዘው ጃክ ጋርማን ገና 24 ዓመቱ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት በተደረገ ልምምድ የዚህ ዓይነት ቁጥር ብቅ ብሎ ማረፉ ያለ በቂ ምክንያት ተሰርዞ ስለነበር፣ ጋርማን ሊመጡ የሚችሉትን ማስጠንቀቂያዎች በሙሉ ከነትርጉማቸው በእጁ ጽፎ ከፊቱ አስቀምጧል። ዝርዝሩን አየ። ማስጠንቀቂያው ቶሎ ቶሎ ካልተደጋገመ መቀጠል ይቻላል። ቤልስም «ቀጥሉ» አለ።

ኮምፒውተሯ በ1202 የተናገረችው ወደ ሰው ቋንቋ ሲመለስ እንዲህ ነው፦ «ሥራ በዛብኝ፤ አዲስ የመጣውን የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም።»

የተሰረቀው 15 በመቶ

የመንኮራኩሯ ኮምፒውተር የሚጻፍበትና የሚሰረዝበት ማስታወሻው 2,048 «ቃል» (የማስታወሻ መለኪያ ነው) ብቻ ነበር። ፕሮሰሰሩም አንድ ነው። በዚያ አንድ ፕሮሰሰር ሞተሩን መምራት፣ ከፍታን ማስላት፣ የመንኮራኩሯን አቋም ማስተካከል፣ ለጠፈርተኞቹ ቁጥር ማሳየት፣ ሁሉም ተራ በተራ መሠራት አለበት። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተራ የሚያስከብር ፕሮግራም ያስፈልጋል። በኤም.አይ.ቲ. ቤተ ሙከራ ሃል ላኒንግ የነደፈው ይህ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ሥራ የማዕረግ ቁጥር ይሰጣል፤ ባለ ትልቁ ማዕረግ ሲመጣ ባለ ትንሹ ይቆምለታል።

የታክሲ ፌርማታ ላይ የቆመ ሰው ይህን ፕሮግራም በስሙ ያውቀዋል፤ ተራ አስከባሪ ነው።

በዚያ ምሽት ግን ከሰልፉ ውጭ የሆነ ሌባ ነበር። ከእናት መንኮራኩሯ ጋር ለመገናኘት የሚያገለግለው ራዳር፣ ከኤሌክትሪክ አቅርቦቱ አለመጣጣም የተነሳ፣ ኮምፒውተሩን በከንቱ ይነካካዋል። በሰከንድ እስከ 12,800 ጊዜ ይነካል፤ እያንዳንዱ ንክኪ 11.7 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ይወስዳል። ሁለቱን ማባዛት ነው፤ ከእያንዳንዱ ሰከንድ 15 በመቶው ያህል ይጠፋል። የተራው መርሐ ግብር የተሠራው ግን ሙሉው ሰከንድ እንዳለ ተደርጎ፣ ጥቂት መጠባበቂያ ብቻ ተትቶለት ነበር። በየ2 ሰከንዱ የሚጀመረው ዋናው የማውረጃ ስሌት ሳያልቅ ተከታዩ ይደርስበታል፤ ያላለቀው ባላለቀው ላይ ይቆለላል፤ ቦታ ያልቃል፤ 1202 ይበራል።

ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ሁሉንም አራግፎ እንደገና ይነሳል፤ ሲነሳ የሚይዘው ግን የግድ የሆኑትን ሥራዎች ብቻ ነው፤ እነሱንም ካቆሙበት ይቀጥላቸዋል። በማርጋሬት ሃሚልተን ይመራ የነበረው የሶፍትዌር ቡድን በዚህ መንገድ ያዘጋጀው ኮምፒውተር 1202ን አራት ጊዜ፣ 1201 የተባለችውን እህቷን አንድ ጊዜ አሳይቶ፣ 5 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ላይ መንኮራኩሯን ጨረቃ ላይ አኖራት።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ጀግንነት ነው፤ ጀግንነትም አለው። ለኮምፒውተር ሰዎች ግን ሌላ ጥያቄ ትቶ አለፈ። ኮምፒውተሩ ጊዜው እየተሰረቀ መሆኑን ያወቀው ቦታ ሲያልቅበት ነው። መዘግየት ሲጀምር ማወቅ፣ አውቆም ከመፍሰሱ በፊት ራሱን ማረም አይችልም ነበር?

ጅብ ከሄደ

ደብዳቤ የምንጽፍበት ኮምፒውተር ለአፍታ ቢዘገይ ይናደዱበታል እንጂ ማንም አይሞትም። የመኪና ፍሬን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ግን ትክክለኛውን መልስ አግኝቶ ከዘገየ መልሱ ስህተት ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ለዚህ ነው፤ ውሻው ጩኸቱን አልተሳሳተም፣ ሰዓቱን ነው የሳተው። መልሱ በሰዓቱ ካልደረሰ መልስ የማይባልለት እንዲህ ያለ ኮምፒውተር «ሪል ታይም» ይባላል። እያንዳንዱ ሥራ የጊዜ ገደብ አለው፤ የተራ አስከባሪው ሙያም ገደቦቹ እንዳያመልጡ ማሰለፍ ነው።

የዚህ ሙያ መሠረት የተጣለው «ንስር» ካረፈች ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ሲ. ኤል. ሊዩ እና ጄምስ ሌይላንድ በአንድ ጽሑፍ ሁለት ሕግ አወጡ። በመጀመሪያው ሕግ ቶሎ ቶሎ የሚመላለሰው ሥራ ምንጊዜም ቅድሚያ ያገኛል። ሁለት ሥራ ብቻ ካለ፣ ድምር ጭነታቸው ከፕሮሰሰሩ 83 በመቶ ገደማ እስካላለፈ ድረስ አንድም ገደብ እንደማያመልጥ በሒሳብ አረጋገጡ፤ ሥራዎቹ ሲበዙ ዋስትናው ወደ 69 በመቶ ይወርዳል። በሁለተኛው ሕግ ቅድሚያው በየጊዜው ይቀያየራል፤ ገደቡ የቀረበበት ይቅደም። ይህኛው ፕሮሰሰሩን እስከ 100 በመቶ መሙላት ያስችላል።

ውብ ሒሳብ ነው። ግን «እያንዳንዱ ሥራ ቢበዛ ይህን ያህል ጊዜ ይወስዳል» በምትል አንዲት ቃል ላይ ቆሟል። ያቺን ቃል ማን ይሰጣል?

አንድ ምሳሌ እንሥራ። በራሱ የሚሄድ ትንሽ ጋሪ ሦስት ሥራ አለው። ፍሬኑን በየ10 ሚሊሰከንዱ ያያል፤ 2 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። መሪውን በየ20 ያያል፤ 4 ይፈጅበታል። የካሜራውን ምስል በየ50 ይመረምራል። ምስሉ ባዶ መንገድ ከሆነ 10 ሚሊሰከንድ ይበቃዋል፤ ሰው፣ በግና ባጃጅ የተቀላቀለበት ከሆነ ግን 30 ይፈልጋል። በክፉው ቀን ልክ ስንደምር 20፣ 20 እና 60፣ ጠቅላላው 100 በመቶ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ሞልቷል። በአዘቦቱ ቀን ግን 60 በመቶ ብቻ ነው። አሁን 25 በመቶ የሚወስድ አራተኛ ሥራ ቢመጣ፣ የወረቀቱ ሒሳብ «ቦታ የለም» ብሎ ይመልሰዋል፤ ፕሮሰሰሩ ግን አብዛኛውን ቀን 40 በመቶ ጊዜውን ሥራ ፈትቶ ይውላል።

ለክፉ ቀን ብቻ ያቀደ ሰው ዓመቱን ሙሉ ጎተራውን ዘግቶ ይራባል፤ ለአዘቦት ቀን ብቻ ያቀደ ደግሞ ክፉው ቀን ሲመጣ ያልቅበታል።

ምጣድና እሳት

ከዚህ አጣብቂኝ መውጫው ከኮምፒውተር ሰፈር አልመጣም። ከእንፋሎት ሞተር፣ ከመርከብ መሪና ከኬሚካል ፋብሪካ ሰፈር ነው የመጣው። ስሙ የቁጥጥር ንድፈ ሐሳብ ነው። ሐሳቡን ለማየት ግን ፋብሪካ መሄድ አያስፈልግም፤ ጓዳ መግባት ይበቃል።

እንጀራ ጋጋሪዋ ቴርሞሜትር የላትም። የመጀመሪያዋን እንጀራ አስፍታ አክንባሎውን ትደፋለች፤ ስትከፍት ታያለች። ዓይኑ ካልወጣ ምጣዱ አልጋለም፤ እንጨት ትጨምራለች። ሥሩ ካረረ እንጨት ትጎትታለች። አየች፣ ካሰበችው ጋር አስተያየች፣ በልዩነቱ ልክ እጇን ሰነዘረች፣ እንደገና አየች። ግብረ መልስ የሚባለው ይህ ዙር ነው። ስለ እንጨቱ እርጥበት፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ሸክላው ውፍረት ቀድማ ማወቅ አያስፈልጋትም፤ ውጤቱ ራሱ ይነግራታል።

ለጀማሪ ግን ወጥመድ አለው። ሸክላ ሙቀት ይዞ ይቆያል። እንጨት ቢጎተትም ምጣዱ ወዲያው አይበርድም። ጀማሪዋ ለውጥ ስታጣ ሌላ እንጨት ትጎትታለች፤ ትንሽ ቆይቶ ምጣዱ ቀጥ ብሎ ይበርድባታል። ደንግጣ እሳቱን ታነዳለች፤ አሁን ደግሞ ያርራል። አንዱ ጥሬ፣ አንዱ ያረረ። ጥፋቷ አለማየት አይደለም፤ አይታለች፣ ታርማለችም። እርማቷ ከምጣዱ መዘግየት ጋር አለመተዋወቁ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ማለት ይህ ነው።

ይህን መዋዠቅ መሐንዲሶች ቀድመው ያዩት በእንፋሎት ሞተር ላይ ነው። ጄምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1788 በሞተሩ ላይ ሁለት የሚሽከረከሩ ኳሶች ገጠመ፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ኳሶቹ ተበትነው የእንፋሎቱን በር ያጠብባሉ፤ ሲቀንስ ተሰብስበው ይከፍቱታል። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች አንዳንዶቹ ሞተሩን ከማርጋት ይልቅ አንዴ ያበሩታል፣ አንዴ ያንቀራፍፉታል። ጄምስ ክለርክ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1868 ባወጣው ጽሑፍ መቼ እንደሚረጋና መቼ እንደሚዋዥቅ በእኩልታ አስቀመጠው። እ.ኤ.አ. በ1922 ደግሞ ኒኮላስ ሚኖርስኪ የመርከብ መሪ የሚይዙ ሰዎች እጃቸውን እንዴት እንደሚያንቀሳቅሱ ተከታትሎ፣ ጎበዝ መሪ ያዥ የሚጠይቃቸውን ሦስት ጥያቄዎች ወደ ሒሳብ ለወጠ፦ አሁን ከመስመሩ ምን ያህል ወጥቻለሁ? እስካሁን የተጠራቀመው ስህተት ስንት ነው? ወዴትስ እያዘነበልኩ ነው? በእነዚህ ሦስቱ ድምር የሚሠራው መቆጣጠሪያ ዛሬ ፒአይዲ ይባላል፤ አብዛኛው የፋብሪካ ቁጥጥር የሚሠራው በእሱ ነው። ልምድ ያላት ጋጋሪም ምጣዱ ከማረሩ በፊት እንጨት ስትጎትት የምትመልሰው ሦስተኛውን ጥያቄ ነው።

ሁለት ዕውር ዓይኖች

እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ጆን ስታንኮቪች፣ ቼንያንግ ሉ፣ ሳንግ ሶንና ጋንግ ታኦ ሁለቱን ሰፈሮች አጋቡ። ተራ አስከባሪው ራሱ ምጣድ ይሁን አሉ። ፕሮሰሰሩ በየተወሰነ ጊዜ ከመቶ ሥራ ስንቱ ገደቡን እንዳመለጠ ይቆጥራል፤ ፒአይዲው ከተፈለገው ልክ ጋር ያስተያየዋል፤ ጭነቱ ምን ያህል መቀነስ ወይም መጨመር እንዳለበት ያዛል። እንጨቱ ሁለት ነው፤ አዲስ ሥራ ማስገባት ወይም መከልከል፣ ያሉትን ደግሞ በሻካራው ወይም በጥሩው ስሪት ማሠራት።

ወደ ጋሪያችን እንመለስ። አራተኛው ሥራ ይግባ። በአዘቦት ቀን ጭነቱ 85 በመቶ ነው፤ ሁሉም ይደርሳል። ገበያ መሃል ሲገባ ምስሉ ይከብዳል፤ ጭነቱ 125 ይሆናል። ተቆጣጣሪው መዘግየቱን አይቶ፣ በሰከንድ 20 ጊዜ ይመረመር የነበረውን ምስል ወደ 11 ያወርደዋል። ጭነቱ 98 ላይ ይረጋል። ፍሬኑ አልተነካም፤ መሪው አልተነካም፤ የካሜራው ዓይን ብቻ ትንሽ ተንቀረፈፈ። ገበያው ሲያልፍ 20ው ይመለሳል።

እዚህ ላይ ግን ጓዳ ያልነበረ ችግር ብቅ ይላል፤ ምን ይለካ? የፕሮሰሰሩን ሥራ መብዛት እንለካ ብንል፣ ከሞላ በኋላ ምንጊዜም 100 ነው የሚለው። በሩን ዘግቶ የሚሄድ ሚኒባስ «ሞልቷል» ይላል እንጂ ፌርማታው ላይ 3 ሰው ይቅር 300 አይነግርም። ያመለጡ ገደቦችን እንለካ ብንል ደግሞ፣ ፕሮሰሰሩ ሲቀልለው ቁጥሩ ዜሮ ነው፤ 5 በመቶ ይሥራ 90 በመቶ ዜሮ ያው ዜሮ ነው። አንዱ ዓይን በጭንቅ ጊዜ ይታወራል፣ ሌላው በምቾት ጊዜ። ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ሰፋ ያለ ሥራ ሁለቱን አንድ ላይ አሰናድተው፣ አንዱ ሲታወር በሌላው የሚያይ ስሪት አቀረቡ።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የዋስትናው ዓይነት መለወጡ ነው። ጭነቱ ከልኩ በ20 ነጥብ አልፏል እንበል። ተቆጣጣሪው በየዙሩ ያየውን ስህተት ግማሽ ለመቀነስ ያዛል። የሥራዎቹ ግምት ትክክል ከሆነ ስህተቱ ከ20 ወደ 10፣ ወደ 5፣ ወደ 2.5 ይወርዳል። ግምቱ ተሳስቶ እያንዳንዱ ሥራ 3 እጥፍ የሚከብድ ቢሆንስ? 10 ይቀነስ ሲል 30 ይቀነሳል፤ የ20 ትርፉ የ10 ጉድለት ይሆናል። ቀጥሎ የ5 ትርፍ፣ ከዚያ የ2.5 ጉድለት። እየተወዛወዘ ይረጋል። 4 እጥፍ ሲሆን ብቻ የ20 ትርፍና የ20 ጉድለት እየተፈራረቁ ማለቂያ ያጣሉ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ዙሩ በመጣ ቁጥር ይብሳል።

ስለዚህ የቀድሞው ሒሳብ «ግምትህ ልክ ከሆነ አታመልጥም» ሲል፣ አዲሱ «ግምትህ ከ4 እጥፍ ባነሰ ቢሳሳት እንኳ ተመልሰህ ትረጋለህ» ይላል። የመጀመሪያው ዕውቀትን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው አለማወቅን ከነወሰኑ አስልቶ ይቀበላል። ወሰኑን የሚያሰፋውም የእጅ ልከኝነት ነው። ግማሹን ከማረም ሩቡን ማረም የግምት ስህተትን 8 እጥፍ እስኪደርስ ይሸከማል፤ ዋጋው ቀስ ብሎ መድረስ ነው።

ሲከብደኝ ቀድሜ ልንገርህ

በስዊድን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ያለው የቁጥጥር ትምህርት ክፍል ጉዳዩን ከሌላኛው በር ነው የገባበት። እዚያ ያሉት የምጣዱ ባለሙያዎች ናቸው፤ ኮምፒውተር የሚይዙት ሌላ ነገር ለመቆጣጠር ነው። ካርል ኤሪክ ኦርዜን፣ ዩሃን ኤከር፣ አንቶን ሰርቪንና ቦ በርንሃርድሶን የጠየቁት ይህን ነው፤ በአንዱ ፕሮሰሰር ላይ የተሰለፉት ሥራዎች ራሳቸው ተቆጣጣሪዎች ሲሆኑስ?

የተጠቀሙበት ምሳሌ አንዱ ከሌላው በታች የተቀመጡ የውኃ ጋኖች ናቸው። የውኃው ከፍታ በተፈለገው ልክ አጠገብ ሲሆን ቀላሉ ፒአይዲ ይበቃዋል። አዲስ ከፍታ ሲታዘዝ ግን ተቆጣጣሪው ፈጣኑን መንገድ ለማግኘት ከባድ ስሌት ውስጥ ይገባል፤ ጭነቱ ባንዴ ያሻቅባል። በግብረ መልስ ብቻ የሚመራ ተራ አስከባሪ ይህን የሚያውቀው ከዘገየ በኋላ ነው። ሥራው ግን ሊከብደው መሆኑን ቀድሞ ያውቃል። ታዲያ ለምን አይናገርም? «እንግዳ ይዤ እየመጣሁ ነው» ብሎ ወደ ቤት እንደሚደውል ሰው፣ ሥራው ከመክበዱ በፊት ለተራ አስከባሪው ይነግራል፤ እሱም የሌሎቹን መመላለሻ አስቀድሞ ያላላል። ይህን ቅድመ ማስታወቂያ ከግብረ መልሱ ጋር አጣምረው እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተሙት።

በዚህ መንገድ አንድ የቆየ ግድግዳ ፈረሰ። ቀድሞ የቁጥጥር መሐንዲሱ «ኮምፒውተሩ በሰዓቱ ያሰላልኛል» ብሎ ያምን ነበር፤ የኮምፒውተር መሐንዲሱ ደግሞ «ገደቡ የተሰጠኝ ነው፤ ለምን አልልም» ይል ነበር። ሁለቱ ቁጭ ብለው ሲነጋገሩ ገደቡ ድንጋይ እንዳልነበረ ታየ። ጋኑን በየ50 ሚሊሰከንዱ ያይ የነበረ ተቆጣጣሪ በየ70ው ቢያይ ውኃው ትንሽ ይወዛወዛል እንጂ አይፈስም።

የት ይግባ፣ የት አይግባ

ይህ ሐሳብ ዛሬ ከቤተ ሙከራ ወጥቷል። ሊነክስ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2014 በወጣው 3.14 ስሪቱ «ገደቡ የቀረበበት ይቅደም» የሚለውን ሕግ ተቀብሏል። ሉካ አቤኒና ጆርጆ ቡታዞ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጡትን የቁና ሥርዓትም አብሮ ይዟል፤ እያንዳንዱ ሥራ በየዙሩ የተሰፈረለት ጊዜ አለው፤ ከሰፈሩ ያለፈ ራሱ ይጠብቃል እንጂ የጎረቤቱን አይበላም። ቁናውን ማን ይለካ ለሚለው ደግሞ፣ አቤኒ ከሌሎች ጋር ሆኖ ስፍሩን በግብረ መልስ የሚያስተካክል ተቆጣጣሪ ተንትኗል። በሊነክስ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ክፍል «ገቨርነር» ይባላል፤ የዋት ኳሶችም የሚጠሩበት ስም ነው።

ሁሉም ቤት ግን አይገባም። ግብረ መልስ የሚያርመው ካየው ስህተት ነው፤ ለማየት ስህተቱ መፈጸም አለበት። የቪዲዮ ጥሪ ላይ ጥቂት ምስል መቅረቱ ለተቆጣጣሪው ትምህርት ነው፤ የመኪና ኤርባግ ግን ከመጀመሪያው መዘግየቱ የሚማርበት ሁለተኛ ዕድል የለውም። ስለዚህ የአውሮፕላን ኮምፒውተሮች የያዙት የድሮውን መንገድ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሚያበረው ቦይንግ 787 ማዕከላዊ ኮምፒውተር አሪንክ 653 በተባለው ደንብ ይሠራል፤ የእያንዳንዱ ክፍል ጊዜ አስቀድሞ ተቆርጦ ተጽፏል፤ አንዱ ቢተርፈው ለሌላው አያበድርም። በዚያው አውሮፕላን ክንፉ በሰማይ ላይ በግብረ መልስ ራሱን ያርማል፤ የማዕከላዊው ኮምፒውተር የሰዓት ድልድል ግን በወረቀት እንደተጻፈ ይሄዳል። ብክነቱ ታውቆ የተከፈለ ዋጋ ነው።

በጋሪያችንም ተመሳሳይ ነው። ዙሩ የተዘረጋው በካሜራው ላይ እንጂ በፍሬኑ ላይ አይደለም። ሙያው ያለው ሁሉን በማስተካከል ላይ አይደለም፤ የትኛው እንጨት እንደሚጎተትና የትኛው ጉልቻ እንደማይነካ በመለየት ላይ ነው።

አሁን ወደዚያች እሑድ ምሽት እንመለስ፤ አንድ ነገር ሳንናገር አልፈናልና። ራዳሩ መጠባበቂያውን በልቶት ስለነበር ጥቂት ተጨማሪ ጭነት ይበቃ ነበር። ኦልድሪን የከፍታውን ልዩነት ለማየት በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ አንድ ማሳያ ይጠራል፤ ማስጠንቀቂያው ይበራል። ደግሞ ይጠራል፤ ይበራል። ኦልድሪን ሁለቱን አገናኛቸው፤ ማስጠንቀቂያው የሚመጣው ማሳያውን ሲጠሩ መሆኑን ለሂዩስተን ነገረ። ሂዩስተንም ያንን ቁጥር እኛ ከዚህ እንከታተልላችኋለን አለ። ማሳያው ተዘጋ፤ ከፕሮሰሰሩ ላይ አንድ ሸክም ወረደ።

አየ፣ አስተያየ፣ አንድ እንጨት ጎተተ። ኮምፒውተሩ ያኔ መዘግየቱን የሚያይበት ዓይን አልነበረውም፤ ያን ዕለት ዓይኑ ኦልድሪን ነበር።